ውሃ በፈረቃ፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ፦ የድሬን ጓሮ ስንት ሊትር፣ በስንት ቀኑ ላጠጣ?

የከዚራዋ፦

ጤና ይስጥልኝ የጓሮ ወዳጆች። ድሬዳዋ ነኝ። ግንቦት ገብቷል፤ ቀን ቀን ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም አይበርድም። አፈሩ አሸዋ ይበዛበታል። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ መደብ አለኝ፦ ግማሹ ቲማቲም፣ የቀረው ቃሪያና ቆስጣ። አጥሩ ሥር ሁለት ዓመት የሞላው ሎሚና ፍሬ የያዙ ሦስት ፓፓያዎች፣ በረንዳው ላይ ደግሞ በማሰሮ የተተከሉ ጽጌረዳና በሶብላ አሉ። የቧንቧ ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤ በመሀል ያለውን 1,000 ሊትር ከሚይዝ ሮቶ እጠቀማለሁ።

አሁን በየማታው አሥር ደቂቃ ያህል ሁሉንም በጎማ እረጫለሁ። ቲማቲሙ ግን ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል፣ አበባው ይረግፋል፣ የያዘው ፍሬም ከታች በኩል እየጠቆረ ነው። የሎሚው አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል። የማሰሮዎቹ አፈር ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። በልኬት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፦ ለአንድ ካሬ ስንት ሊትር? በስንት ቀኑ? ጠዋት ወይስ ማታ? የልብስ እጣቢስ ይሆናል?

መስኖ_አዋሽ፦

እህቴ፣ ከልኬቱ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይወጣል።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ካሬ ሜትር ላይ እኩል ሲፈስ 1 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። በእንዲህ ያለ ደረቅ ሙቀት፣ ቅጠሉ መሬቱን የሸፈነ የአትክልት መደብ በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ውሃ ወደ አየር ያስወጣል። ስለዚህ 12 ካሬው መደብሽ በቀን ከ60 እስከ 80 ሊትር ይጠጣል፤ በ20 ሊትሩ ጀሪካን ከ3 እስከ 4 ማለት ነው። ተክሉ ገና ችግኝ ከሆነ ግማሹ ይበቃዋል።

አሁን የምትሰጪውን ለኪ። ጀሪካኑን በጎማው ሙዪና በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ከሮቶ የሚመጣ ውሃ ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ 20 ሊትር ለመሙላት 4 ደቂቃ ቢወስድ አይገርምም። እንደዚያ ከሆነ አሥር ደቂቃ ረጨሽ ማለት ለጓሮው በሙሉ የሰጠሽው 50 ሊትር ነው። መደቡ ብቻውን ቢወስደው እንኳ በካሬ 4 ሊትር ነው፤ ይህ ደግሞ ደረቅ አሸዋማ አፈር ላይ ከ4 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይወርድም። በማግስቱ ፀሐይ ሳይጋመስ መልሳ ትወስደዋለች። ሥሩም ውሃውን ተከትሎ ላይ ላዩን ይቀራል፤ የላይኛው አፈር ሲግል አብሮ ይቃጠላል። ከሰዓት የሚጠወልገው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

አሸዋማ አፈር 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ተክል ሊስበው የሚችል ውሃ በካሬ 25 ሊትር ገደማ ይይዛል። ግማሹ ሲያልቅ መልሶ መሙላት ነው ደንቡ። ስለዚህ ለመደብሽ፦ በሁለት ቀን አንዴ በካሬ 12 ሊትር፣ በጠቅላላው 7 ጀሪካን ገደማ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ታች ያለው አፈር ደርቋልና በካሬ 25 ሊትር ስጪው። ይህን ውሃው በሚመጣበት ቀን አድርጊው፤ ከሮቶ አትጨርሺ።

አንድ ላይ አትድፊው። በመደቡ ዙሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ጠርዝ አብጂ፤ ግማሹን አፍሺና 20 ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ የቀረውን። ደረቅ አፈር መጀመሪያ ውሃ አልቀበል ይላል፤ ትንሽ ሲርስ ነው የሚስበው።

መድረሱን የምታረጋግጪው በዓይን አይደለም። 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ባለ 8 ፌሮ ፈልጊ። ካጠጣሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጅሽ ብቻ ግፊው፣ መዶሻ አያስፈልግም። እርጥብ አፈር ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ ደረቁ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መሬቱ ጋ በአውራ ጣትሽ ያዢውና አውጥተሽ ለኪው። ለቆስጣና ለቃሪያ 30፣ ለቲማቲም 40 ሳንቲ ሜትር መግባት አለበት። ድንጋይም ሊያቆመው ስለሚችል ሦስት ቦታ ሞክሪ።

ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ከሁሉ ይሻላል። የሮቶው ውሃም ሌሊቱን ቀዝቅዞ የሚያድረው ለዚያ ሰዓት ነው። «እኩለ ቀን ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ያቃጥላል» የሚባለውን ተዪው፤ የቀን ማጠጣት ችግሩ ውሃው ሥር ሳይደርስ መትነኑ ነው። በእውነት የሚያቃጥለው ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ጎማ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። እሱን መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ አፍሺው፤ ቀዝቃዛው ሲመጣ ወደ ተክሉ አዙሪው። ባልዲውንም ሲበርድ ተጠቀሚበት፣ አይደፋም።

ከሰዓት የጠወለገ ሁሉ ደግሞ ውሃ የጠማው አይደለም። በ9 ሰዓት ፀሐይ ሥሩ ከሚያቀብለው በላይ ቅጠሉ ያተናል። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀና ካለ ተዪው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይም ተኝቶ ካገኘሽው ፌሮውን ግፊ፦ አፈሩ ደረቅ ከሆነ አጠጪ፤ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ሥሩ ታሟልና ውሃ ጨመርሽ ማለት ሞቱን አፋጠንሽ ማለት ነው።

ቲማቲም_አዳማ፦

መስኖ_አዋሽ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ እኔ በፍሬውና በአበባው ላይ ልጨምር፤ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸውና።

የፍሬው ቂጥ መጥቆር ተባይም በሽታም አይደለም። ካልሲየም ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ነው። ድሬ ውስጥ ካልሲየም ጠፍቶ አይደለም፤ የማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ኖራ ምንድን ነው? ካልሲየም ተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው፣ ውሃው ደግሞ ብዙ ወደሚያተነው ቅጠል ይሄዳል። አፈሩ አንድ ቀን ደርቆ አንድ ቀን ሲርስ ፍሬው ድርሻውን ያጣል። ስለዚህ የእንቁላል ቅርፊት መቅበር፣ ወተት ማፍሰስ፣ ኖራ መበተን ለዚህ አፈር አይጠቅምም። የሚያድነው ውሃውን በእኩል ልክ፣ በእኩል ቀን መስጠት ነው። ዩሪያ እየጨመርሽ ከሆነም አቁሚ፤ ቅጠል ሲበዛ ፍሬው የባሰ ይራባል። የጠቆሩትን ቅጠፊያቸው፣ አይድኑም። ውሃው ከተስተካከለ በኋላ የሚይዘው ፍሬ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

የበሰለው ፍሬ ሲሰነጠቅ ካየሽ እሱም ከዚሁ የመጣ ነው፦ ደርቆ ቆይቶ በአንዴ ብዙ ውሃ ሲያገኝ ውስጡ ከልጣጩ ፈጥኖ ያድጋል።

የአበባው መርገፍ ግን በውሃ አይድንም። ቀኑ ከ35፣ ሌሊቱ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም የአበባ ብናኝ ይመክናል፣ አበባውም ይወድቃል። እዚህ ላይ የሚረዳው ጥላ ነው። ከ30 እስከ 40 በመቶ ብርሃን የሚከለክል የጥላ መረብ በእንጨት ላይ ወጥሪ፤ ከተክሉ ጫፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ይሁን። መረብ ከሌለ በምዕራብ በኩል አሮጌ ሰሌን አቁሚ፤ ከባዱ የ8 እና የ9 ሰዓት ፀሐይ የሚመጣው ከዚያ ነው። መረቡን ጥቅጥቅ ያለ አታድርጊው፤ ከግማሽ በላይ ብርሃን ከተከለከለ ተክሉ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ፍሬም አይሰጥም።

ከሁሉ በላይ ግን ጉዝጓዝ! በዚህ ሙቀት መሬቱን ራቁቱን መተው ውሃ ገዝቶ መንገድ ላይ እንደ ማፍሰስ ነው። የማሽላ አገዳ አካባቢያችሁ ሞልቷል። በአንድ ስንዝር ልክ ቆራርጪና ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፊ፤ ከተክሉ ግንድ 5 ሳንቲ ሜትር አርቂው፣ ካልሆነ ግንዱን ያበሰብሰዋል። መጀመሪያ አጠጪና ከዚያ ጎዝጉዢ፤ በደረቅ መሬት ላይ ከተነጠፈ የሚጠብቀው ድርቀቱን ነው። የጤፍ ጭድም ይሆናል፣ ግን ድቅቅ ስለሆነ ተጠቅጥቆ ውሃ አላሳልፍ ይላል፤ ስታጠጪ በእጅሽ ገለጥ አድርጊው። ፓርቴኒየም፣ እናንተ ጋ ፋራምሲሳ የሚሉትን አረም፣ አበባ ይዞ ከሆነ በፍጹም አታስገቢ። ዘሩ መደቡን ይወርሳል፣ ቆዳም ያሳክካል።

የከዚራዋ፦

አቦ ይመቻችሁ! ጀሪካኑን ለካሁት፤ 20 ሊትር ለመሙላት ከ3 ደቂቃ ተኩል በላይ ወሰደ። ፌሮው ቲማቲሙ ሥር አንድ ጣት ያህል ገብቶ ቆመ። የማሽላ አገዳ ግን ምስጥ ይጠራል ይላሉ፣ እውነት ነው? ሎሚው፣ ማሰሮዎቹና የልብስ እጣቢው ነገርም አልተመለሰልኝም።

ሎሚና_ፓፓያ፦

ምስጡ እውነት ነው፤ ደረቅ አገዳ ይወዳል። አፈሩ ከሥሩ እርጥብ ከሆነና ሳምንት በሳምንት ገልጠሽ ካየሽው ግን ቶሎ ትደርሽበታለሽ። ምስጡ የሚሠራውን የአፈር ቧንቧ ካየሽ ያንን ቦታ አገዳ አንሺና ብስባሽ ተኪ። ዛፎቹ ሥር ግን አገዳ አልመክርም፤ ምስጥ የሎሚውን ልጣጭ ከበላ ዛፉ ሄደ።

ወደ ሎሚው። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። አሮጌው ቅጠል ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እንል ነበር። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ በኖራማው ውሃ የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነቱና የኖራማነቱ መለኪያ) ከፍ ስላለ ሥሩ ሊያነሣው አልቻለም። ሥሩ ዙሪያ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነና አየር ካጣ የባሰ ይሆናል፤ የየማታው ርጭት ለሎሚ በተለይ መጥፎ የሆነው ለዚህ ነው። ሚስማር መቅበር አይሠራም። ከእርሻ መድኃኒት ቤት የብረት ኪሌት፣ ማለትም ብረቱን ሥሩ ሊያነሣው በሚችል መልክ የያዘ ማዳበሪያ፣ ስትገዢ ማሸጊያው ላይ ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚለውን ፈልጊ፤ ኢዲቲኤ (EDTA) የሚለው በኖራማ አፈር ውስጥ ብረቱን ይዞ አይቆይም። መጠኑን ከማሸጊያው አንብቢ፣ በውሃ በጥብጪና እርጥብ አፈር ላይ አፍሺ። አሮጌው ቢጫ ቅጠል ቶሎ ላይመለስ ይችላል፤ ማየት ያለብሽ ቀጥሎ የሚወጣውን ነው።

አጠጣጡ እንዲህ ይሁን። ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ትንሽ የአፈር ክብ ሥሪ፤ ሌላ ሰፊ ክብ ደግሞ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ትንሽ ወጣ አድርገሽ። ውሃው በሁለቱ ክቦች መካከል ብቻ ይገባል፣ ግንዱ ደረቅ ይቆያል። የሎሚ ግንድ ውሃ ውስጥ ከቆመ ከመሬቱ በላይ ልጣጩ ይበሰብሳል፣ ሙጫ ያወጣል፣ ዛፉም ከአንድ ወገን እየደረቀ ይሄዳል። ያንቺው ጥላው አንድ ሜትር ገደማ ከሆነ በአራት ቀን አንዴ አንድ ባለ 20 ጀሪካን ይበቃዋል።

ፓፓያው ተቃራኒ ጠባይ አለው፦ ውሃ ይወዳል፣ ቆሞ የሚውል ውሃ ግን ከሁለት ቀን በላይ አይችልም፣ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ግንዱ ሥር አፈር ከምረሽ ጉብታ አድርጊና ከ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ዙሪያውን ቦይ ቆፍሪ። ፍሬ ለያዘ ፓፓያ በሦስት ቀን ከ30 እስከ 40 ሊትር። ውሃ ሲያጣ መጀመሪያ የሚጥለው አበባውንና እንቡጥ ፍሬውን ነው፣ ቅጠሉን ጠብቀሽ አትፍረጂ።

ማሰሮዎቹን ከመደቡ ለዪያቸው። አፈራቸው ትንሽ ስለሆነ በዚህ ሙቀት በየቀኑ ጠዋት ይጠጣሉ፤ ውሃው በታች ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ስጪ፣ ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ድፊ። ነጩ ነገር ውሃው ሲተን የቀረው ጨውና ኖራ ነው። በትንሽ በትንሹ ስታጠጪ ታጥቦ የሚወጣበት መንገድ ስለሌለው ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱን ከነአፈሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርገሽ አውጪ፤ ከዚያ የማሰሮውን ይዘት ሁለት እጥፍ ውሃ ቀስ እያልሽ አሳልፊበት፤ 5 ሊትር ለሚይዝ ማሰሮ 10 ሊትር። በወር አንዴ ድገሚው። አፈሩ ከማሰሮው ጎን ተላቆ ውሃው በጎን ሹልክ የሚል ከሆነ ማሰሮውን ባልዲ ውሃ ውስጥ አስገቢው፤ አረፋው ሲያቆም፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ አውጪው። ጥቁር ፕላስቲክ ማሰሮ ካለሽ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዪበት፤ ፀሐይ ያገኘው ጎን ሥሩን ይቀቅለዋል።

የልብስ እጣቢ፦ ኦሞ ያለበት የመጀመሪያው ውሃ አይሆንም፤ ሶዲየሙ አፈሩን ያበላሻል፣ ፒኤቹንም ሎሚው ከሚፈልገው ተቃራኒ ወደ ላይ ይወስደዋል። በረኪና የነካው ደግሞ የትም አይግባ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ለፓፓያውና ለአጥር አበባ ይሆናል፣ በዚያው ቀን፣ አንድ ጊዜ እሱን አንድ ጊዜ ንጹሑን እያፈራረቅሽ። ቆስጣና በሶብላ ላይ አይነካ። የአትክልትና የሩዝ ማጠቢያ ግን ጨው እስካልገባበት ድረስ ለሁሉም ነው።

እንስራ_ሐረር፦

አንድ ያልተነሣ ዘዴ ልንገርሽ፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቦታ የተፈጠረ የሚመስል። እንስራ መቅበር። ሸክላው በገዛ ላቡ አፈሩን ያረጥባል፤ አፈሩ ሲደርቅ ብዙ ይስባል፣ ሲርስ ይቀንሳል።

የምትገዢው እንስራ ያልተሟሸ መሆን አለበት። በዘይት ወይም በጎመን ዘር ከተሟሸ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ውሃ አያልብም። ቤት ወስደሽ ሙዪውና አንድ ሌሊት አሳድሪ፤ ጠዋት ውጪው እርጥብ ከሆነ ይሠራል፣ ደረቅ ከሆነ ለመጠጥ ውሃ ተጠቀሚበት። 10 ሊትር ገደማ የሚይዝ ይሁን። አፉ ብቻ 3 ሳንቲ ሜትር ከመሬት በላይ እስኪቀር ቅበሪው፣ ዙሪያውን በብስባሽ የተቀላቀለ አፈር ጠቅጠቅ አድርገሽ ሙዪ፤ አፈሩ ሸክላውን ካልነካ ውሃ አይሄድም። አፉን በድንጋይ ወይም በሸክላ ክዳን ዝጊ፤ ክፍት ከቀረ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ተክሎቹን ከሸክላው ጎን 15 ሳንቲ ሜትር አርቀሽ በዙሪያው ትከያቸው። አሸዋ ላይ እርጥበቱ ወደ ጎን ብዙ አይሄድም፣ 30 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ ነው፤ ስለዚህ አንድ እንስራ ሦስት አራት የቃሪያ ተክል ይዞ ይቆማል። ጎዶሎ ሲሆን ሙዪው፣ ባዶ እስኪሆን አትጠብቂ።

የድሬ ውሃ ቀዳዳውን በጊዜ ብዛት ይደፍነዋል። ውሃው መጉደል ሲያቆም አውጥተሽ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል በቀላቀልሽበት ውስጥ አንድ ቀን ዘፍዝፊና በብሩሽ ፈትጊው።

ለቲማቲሙ ግን እንስራው ብቻውን አይበቃም፣ በዚህ ሙቀት የሚጠጣው ከሚያልበው ይበልጣል። ለቃሪያውና ለቆስጣው አድርጊው።

የከዚራዋ፦

ሮቶው 1.5 ሜትር ከፍታ ባለው ቆጥ ላይ ነው የተቀመጠው። በዚህ ከፍታ ጠብታ መስኖ ይሠራል ወይስ ፓምፕ ይፈልጋል?

መስኖ_አዋሽ፦

ይሠራል፣ ያለ ፓምፕ። 1.5 ሜትር ከፍታ 0.15 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይሰጣል። ግፊት አስተካካይ የሚባለውን ነጠብጣቢ ግን አትግዢ፤ እሱ ለመከፈት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ባርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ተራውን ያዢ። ማሸጊያው ላይ «በ1 ባር በሰዓት 2 ሊትር» የሚለው ባንቺ ከፍታ 0.8 ሊትር ገደማ ይሰጣል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ፍሰቱም ይቀንሳልና። ለመደብሽ ባለ 16 ሚሊ ሜትር አምስት መስመር፣ እያንዳንዱ 4 ሜትር፣ ቀዳዳው በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ይሁን። 65 ገደማ ነጠብጣቢ ይሆናል፤ በሰዓት ከ50 ሊትር በላይ። የሁለት ቀኑን 7 ጀሪካን በሦስት ሰዓት ይጨርሳል። ከሮቶው ሲወጣ ወንፊት ግጠሚበት፣ 120 ሜሽ (የወንፊቱ ድቀት መለኪያ) ይበቃል።

ጠላትሽ ኖራው ነው። ነጠብጣቢው አፍ ላይ ውሃው ሲደርቅ ኖራው እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ መስመሩን ከጉዝጓዙ ሥር አስገቢው፣ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። የመስመሮቹን ጫፍ በሳምንት አንዴ ከፍተሽ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ አፍስሺ። ሦስት አራት ነጠብጣቢዎች ሥር ጣሳ አስቀምጠሽ በሰዓት ስንት እንደሰጡ አወዳድሪ። አንዱ ከሌሎቹ ግማሽ ከወረደ መደፈን ጀምሯልና ያንን መስመር አቼቶ ባለበት ውሃ ሞልተሽ አሳድሪው፣ ጠዋት አጥቢው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ መደቡ መሀል አቁሚ። ውስጡ የተጠራቀመውን በማስመሪያ ለኪ፤ 12 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ያንን ተራ ዝለዪ፣ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በካሬ 7 ሊትር ጨምሪበት። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ እንዳልዘነበ ቁጠሪው።